ታች የሚያሳክክ ሁሉ ፈንገስ አይደለም፦ ብልት አካባቢ ስለሚወጡ የማይለቁ የቆዳ በሽታዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነርስ ነኝ፣ ሰሜን ሸዋ ተወልጄ እዚሁ ነው የምሠራው። ይሄን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የገዛ አክስቴ ጉዳይ ነው። እትዬ መንዝ ነው የሚኖሩት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ታች ሲያሳክካቸው በሄዱበት ሁሉ «ፈንገስ ነው» እየተባሉ የሚዋጥ ኪኒንና ክሬም ይዘው ይመለሱ ነበር፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ግን አልጋ ላይ አስተኝቶ ገልጦ ያያቸው አንድ ሰው የለም። እኔም ነርስ ሆኜ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም «ይሄ ለልጅ ይነገራል እንዴ» ብለው ዝም። ያወቅኩት ደብረ ብርሃን እኔ ጋ መጥተው ያደሩ ለት ነው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነቃ በዛ ብርድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከሩ ጭናቸው መሀል ይይዛሉ፣ ጥፍራቸውንም እንዳይቧጭሩበት በምላጭ እስከ ሥጋው ድረስ ከርክመውታል። ጠዋት መጋረጃውን ገልጬ በብርሃን አየኋቸው። ቆዳው ነጥቶ፣ ሳስቶ፣ ወተት ፈልቶ ሲበርድ ላዩ ላይ እንደሚሰፈው ስልባቦት ተጨማዶ ነበር። ፈንገስ እንደዛ አይሆንም።

ከዛ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ተደጋግሞ የሚመጣውን እነሆ።

ብልቴ አካባቢ ያሳክከኛል፣ ፈንገስ ነው አይደል?

ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ሳይታይ አይታወቅም። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ፦ የሴት ብልት ፈንገስ (ካንዲዳ) በአብዛኛው የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች ችግር ነው። ያረጠች እናት ላይ ወይም ገና የወር አበባ ያላየች ልጅ ላይ ብዙም አይለመድም፣ ስኳር ከሌለባት ወይ አንቲባዮቲክ ስትወስድ ካልከረመች በስተቀር። ስለዚህ የ60 ዓመት እናት ለወራት ሲያሳክካት ሦስቴ አራቴ የፈንገስ መድኃኒት ተሰጥቷት ካልተሻላት አምስተኛው አያድናትም፣ ጥያቄው ራሱ መቀየር አለበት። ለወጣቷም ያው ነው፣ ትክክለኛ የፈንገስ መድኃኒት በትክክል ተወስዶ ካልሠራ ወይ ፈንገስ አይደለም ወይ ሥሩ ሌላ ነው፣ ስኳርና ኤችአይቪ መመርመርም ያኔ ነው የሚመጣው።

ፈንገስ ካልሆነ ምን ምን ሊሆን ይችላል?

እከክም (እውነተኛው፣ በተባይ የሚመጣው) ጭርትም (እሱም ራሱ ሌላ የፈንገስ ዓይነት ነው) አሉ፣ እነሱ ታክመው ይጠፋሉ። እኔ እዚህ የማወራው ስለማይለቁት ነው፣ ዋናዎቹ ላይከን ስክሌሮሰስ፣ ላይከን ፕላነስ፣ ሶሪያሲስ (ክርንና ጉልበት ላይ ቅርፊቱ የሚረግፈው)፣ በማከክ ብዛት ቆዳ የሚያወፍረው ላይከን ሲምፕሌክስ፣ እና ሳሙናው ሞዴሱ ቅባቱ የሚያስቆጣው ችፌ ናቸው። ሦስቱ «ላይከን» መባላቸው ሰውን ያደናግራል፣ ጣርማ በር ላይ ቋጥኙን ለብሶ የምታዩት ግራጫ ነገር አለ አይደል፣ ስሙ ከእሱ የመጣ ነው፣ መልካቸው ስለመሰለ እንጂ አንድ በሽታ ስለሆኑ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ቆዳ ሲያጠቃ የሚመጡ ናቸው፣ ስለዚህ እንደ ስኳርና ደም ግፊት በቁጥጥር ይያዛሉ እንጂ «አንድ ሳምንት ወስጄ ተገላገልኩ» የሚባሉ አይደሉም።

ታዲያ አንዱን ከአንዱ እንዴት ነው የምትለዩት?

በማየት ነው፣ እኔ የማይበትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀለሙን ነው። ላይከን ስክሌሮሰስ ነጭ ነው፣ የሚያብረቀርቅ፣ የተጨማደደ፣ አንዳንዴም በትንሽ መታከክ ደም የሚቋጥር። ላይከን ፕላነስ (ብልት ላይ የሚያስቸግረው የሚልጠው ዓይነት ነው) ቆዳው ተገፎ የቀረ የሚመስል እርጥብ ቁስል ነው፣ ጠርዙን በደንብ ካያችሁት ዳንቴል የመሰለ ስስ ነጭ መስመር አለው። ሶሪያሲስ በእርሳስ የተሰመረ ይመስል ዳሩ የታወቀ መደብ ነው፣ ክርንና ጉልበት ላይ እንደምናውቀው አይረግፍም ምክንያቱም ብልትና ብሽሽት እርጥብ ስለሆነ ቅርፊቱ አይይዝም፣ ለስላሳና አንጸባራቂ ይሆናል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ቅርፊት ስለሌለው ሶሪያሲስ አይደለም ይባልና ጭርት ተብሎ ይታከማል። ላይከን ሲምፕሌክስ ደግሞ ጠቁሮ ወፍሮ እንደ ቁርበት ይሆናል፣ የቆዳው መስመሮች ጎልተው ይወጣሉ፣ ወንድ ላይ የቆለጥ ከረጢት ላይ ይወዳል። ሳሙናና ሞዴስ የሚያመጣው ችፌ ዳሩ አይታወቅም፣ የነካው ቦታ ሁሉ ይቆጣል፣ አንዳንዴ የሞዴሱ ቅርጽ ራሱ ቆዳው ላይ ይታያል።

ቀለም ብቻውን አያስተማምንም፣ ስለዚህ ቀጥሎ ቅርጹ ተለውጧል ወይ እላለሁ። ይሄ ትልቁ መለያ ነው። ሁለቱ፣ ስክሌሮሰስና ፕላነስ፣ ጠባሳ ይተዋሉ፦ የውስጠኛው ከንፈር እየሟሟ ከውጪው ጋር ይጣበቃል፣ ቂንጥር ይሸፈናል፣ መግቢያው ይጠባል፣ የሄደውም አይመለስም። ሶሪያሲስም፣ ሲምፕሌክስም፣ ችፌም ምንም ያህል ቢያስጠሉ ቅርጽ አያጠፉም፣ ሲሻል ቆዳው ወደነበረበት ይመለሳል፣ ጥቁረቱ ግን ወራት ሊቆይ ይችላል።

ቀጥሎ የት የት ደርሷል ነው። ስክሌሮሰስ የሴት ብልት መግቢያ ላይ ይቆማል፣ ውስጥ አይገባም በአብዛኛው፣ ከዛ ይልቅ ወደ ኋላ ዞሮ ፊንጢጣውን ይከብባል፣ ከላይ ሲታይ የ8 ቁጥር ይመስላል። ፕላነስ ግን ውስጥ ይገባል፣ ፈሳሽ ያመጣል፣ በግንኙነት ጊዜ ያደማል፣ ግድግዳው እርስ በርስ እስኪጣበቅ ሊደርስ ይችላል። ሶሪያሲስ ውስጥ አይገባም፣ መቀመጫ መሀል ያለው ስንጥቅና እምብርት ውስጥ ግን ፈልጉት።

ከዛ ልብስ ከለበሱ በኋላ አፍ አስከፍታለሁ። ሰው ይገርመዋል፣ «የታችኛውን ብዬ ነው የመጣሁት እኮ» ይላሉ። ላይከን ፕላነስ ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ ድዷም ጉንጯም ውስጥ አለባት፣ «በርበሬ ያለበት ወጥ አልችልም፣ እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ ከሆነ ያቃጥለኛል» ስትል ለወራት የጥርስ ሐኪም ጋ ስትመላለስ የነበረች ትሆናለች፣ የላይኛውና የታችኛው አንድ በሽታ መሆኑን ማንም አላገናኘላትም። የእጅ አንጓ ላይ የሚያሳክክ ጠፍጣፋ ወይን ጠጅ ወይ ጥቁር ግራጫ ፍንጣቂ ካለ ደግሞ በጣም ያግዛል። ለሶሪያሲስ ራስ ቅል፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ጥፍር (በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል ጉድጓድ) አያለሁ።

ስሜቱም ይለያያል፦ ስክሌሮሰስ ማታ ማታ ያሳክካል፣ ፕላነስ ከማሳከክ ይልቅ ያቃጥላል ያማል፣ ሲምፕሌክስ ሲያኩት «እፎይ» የሚያሰኝ ግን እስኪደማ የማያስቆም ነው።

አንድ ሰው ላይ ሁለት ሦስቱ ሊደራረቡ እንደሚችሉም አትርሱ። እትዬ ላይ ሥሩ ስክሌሮሰስ ነበር፣ በላዩ ከማከክ የወፈረ ቆዳ፣ በዛ በላይ ደግሞ ከተቀቡት ቅባት ብዛት የመጣ ችፌ። ሲያጠራጥር ትንሽ ቁራጭ ቆዳ በማደንዘዣ ተወስዶ ባዮፕሲ ይሠራል።

መጽሐፉም ኢንተርኔቱም «ቀይ ሽፍታ» ይላል፣ የእኔ ግን ቀይ አይደለም?

አይሆንማ፣ ብዙው ፎቶ የተነሳው ነጭ ሰው ላይ ነው። እኛ ቆዳ ላይ መቆጣት ወይን ጠጅ፣ ደማቅ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ቀይ ብቻ አትፈልጉ፣ ከአጠገቡ ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር አስተያዩት፣ ሞቅ ብሏል ወይ፣ ወፍሯል ወይ፣ ዳር አለው ወይ።

ነጭ ነገር ወጣብኝ፣ ለምጽ ነው?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከእንባ ጋር ነው የሚመጣው። ለምጽ ቀለም ብቻ ነው የሚወስደው፣ ቆዳው ለስላሳ እንደነበረ ይቆያል፣ አያሳክክም፣ አይሰነጠቅም፣ ቅርጽ አይለውጥም። የሚያሳክክ፣ የሚጨማደድ፣ የሚሰነጠቅ ነጭ ከሆነ ላይከን ስክሌሮሰስን አስቡ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ፣ ከታይሮይድ በሽታ ጋርም እንደዛው፣ ስለዚህ እንቅርት ካለ ወይ ድካምና ክብደት መለዋወጥ ካለ ለሐኪሙ ንገሩ። ለምጽም ቢሆን አይተላለፍም፣ ማንም ከማንም የሚያርቀው ነገር የለም።

ከባለቤቴ የተላለፈብኝ ነው? ወይስ እኔ አስተላልፍበታለሁ?

አይደለም፣ አታስተላልፊምም። አምስቱም የአባላዘር በሽታ አይደሉም፣ ጀርም የላቸውም፣ በግንኙነትም በፎጣም በሽንት ቤትም አይጋቡም። በዚህ ነገር የፈረሰ ትዳር አውቃለሁ፣ ሚስት «ያመጣብኝ እሱ ነው» ብላ እሱም «አንቺ ነሽ» ብሎ፣ ሁለቱም ሳይዋሹ። ይሄን አንቀጽ ለባላችሁ ብታነቡለት ደስ ይለኛል።

የተገረዝኩ ነኝ፣ ምኑ የግርዛት ጠባሳ ምኑ በሽታ እንደሆነ በምን ልወቅ?

እዚህ አገር ይሄን ሳይጠይቁ መመርመር አይቻልም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል፣ እኛ አካባቢ ደግሞ ብዙዎቹ በስምንት ቀናቸው ስለነበር አያስታውሱትም። ችግሩ በሁለት በኩል ነው። ስክሌሮሰስ ከንፈሩን አሟሙቶት ያየ ባለሙያ «ተገርዛ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ በተቃራኒው ደግሞ የድሮ ጠባሳ ያየ ባለሙያ በሽታ ነው ብሎ ያስደነግጣል። መለያው ጊዜ ነው፦ የግርዛት ጠባሳ ትላንትም ዛሬም ያው ነው፣ በ50 ዓመት ድንገት ማሳከክና መንጣት አይጀምርም። እየተለወጠ ያለ ነገር ካለ፣ «አምና እዚህ ድረስ ነበር ዘንድሮ ጠፋ» የሚባል ነገር ካለ፣ ያ በሽታ ነው። ምርመራ ላይ ስትተኙ ራሳችሁ «ተገርዣለሁ፣ ይሄ ግን አዲስ ነው» በሉ።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ታች ነጭ ሆኖ ደም ቋጥሯል፣ ሰው ነክቷት ይሆን ብዬ ሞትኩ

እናቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ፣ ከዛ ቶሎ አሳይያት። ላይከን ስክሌሮሰስ ሁለት ጊዜ ነው በብዛት የሚመጣው፣ ገና የወር አበባ ያላዩ ትንንሽ ልጆች ላይና ካረጡ በኋላ። ልጆች ላይ ቆዳው ስለሚሳሳ በትንሽ ሰበቃ ደም ይቋጥራል፣ የተደፈረች ይመስላል፣ በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረ አባትና አጎት በዓለም ዙሪያ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ቆዳዋ ታማለች ማለት ማንም አልነካትም ማለት አይደለም፣ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው በደንብ ይያት፣ ልጅቷንም በእርጋታ ያናግራት፣ አንዱን ገምቶ መፍረድ አይገባም። ሌላ ምልክት ልንገርሽ፣ እነዚህ ልጆች ሲጸዳዱ ስለሚያማቸው ሰገራ ይይዛሉ፣ ድርቀት ተብለው ወተትና ፓፓያ ሲሰጣቸው ይከርማሉ። መድኃኒቱ (ወደ በኋላ የማነሳው ክሎቤታሶል የሚባል ቅባት) ለልጆችም ይሠራል፣ ጉርምስና ላይ የሚሻላቸው አሉ ግን «ስታድግ ይለቃታል» ተብሎ መተው የለበትም።

ወንዶችስ?

ወንዶችም ይያዛሉ። ስክሌሮሰስ ወንድ ላይ ሸለፈትንና የብልት ጫፍን ነው የሚይዘው፣ ሸለፈቱ ይነጣል ይጠነክራል አልመለስ ይላል፣ ሲብስ የሽንት ቀዳዳው ይጠብና ሽንቱ ይቀጥናል። እኛ ጋ ወንድ በሕፃንነቱ ስለሚገረዝ ከሌላው አገር ያነሰ ነው የምናየው፣ ግን የተረፈ ሸለፈት ካለ ሊመጣ ይችላል። ፕላነስ የብልት ጫፍ ላይ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ይወጣል። ሶሪያሲስም ጫፉ ላይ ይወጣል፣ ወንዶች ሲያዩት ቂጥኝ መስሏቸው መርፌ ተወግተው የሚመጡ አሉ (ቂጥኝ በደም ስለሚታወቅ መመርመሩ ጥሩ ነው፣ ሳይመረመሩ መወጋቱ ነው ችግሩ)። ጋሼዎች፣ እናንተም አሳዩ።

ካንሰር ይሆናል?

ሶሪያሲስ፣ ሲምፕሌክስና ችፌ አይሆኑም። ላይከን ስክሌሮሰስ ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ጥቂት ሴቶች ላይ፣ ከ100 ከአምስት በታች፣ ወደ ቆዳ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፣ የሚልጠው ፕላነስም አደጋ አለው። ይሄን የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም፣ መድኃኒቱ የሚከለክለው ስለሆነ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ 507 ስክሌሮሰስ ያለባቸው ሴቶችን ለዓመታት ተከታትለው በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ከተቀቡት 357 ሴቶች አንዷም ላይ ካንሰር አልወጣም፣ እያቆራረጡ ከተቀቡት 150 ሴቶች ግን ሰባቱ ላይ ወጣ። እኔ ይሄን ቁጥር ካየሁ በኋላ ነው እትዬን «ሲሻልዎትም አይተዉት» እያልኩ መጨቅጨቅ የጀመርኩት። የማይድን ቁስል፣ እብጠት፣ ጠጠር ያለ ወፍራም ቦታ፣ ወይም ያለምክንያት መድማት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ኤችአይቪ ካለ ደግሞ የበለጠ ቶሎ።

የታዘዘልኝ ክሎቤታሶል ነው፣ ወረቀቱ «ብልት ላይ አይቀባ» ይላል፣ ምን ላድርግ?

ብዙ ሰው መድኃኒቱን ሳይጀምር የሚጥለው በዚህ ወረቀት ነው። ክሎቤታሶል 0.05% በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ነው፣ ወረቀቱም ማንም በገዛ ፈቃዱ እንዳይቀባው ነው የሚያስጠነቅቀው፣ ለስክሌሮሰስ ግን የመጀመሪያ ምርጫ እሱ ነው፣ የነጣውና የጠነከረው ቆዳ ይችለዋል። የተለመደው አወሳሰድ ለአንድ ወር ማታ ማታ፣ ቀጥሎ አንድ ወር አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ቀጥሎ አንድ ወር በሳምንት ሁለቴ ነው፣ ከዛ በኋላ ሐኪሙ በሚለው መጠን በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ይቀጥላል። መጠኑን ሰው አያውቀውም፣ ከቱቦው ሲጨመቅ ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መጋጠሚያ የሚደርሰው ግማሽ ግራም ነው፣ ከዛ አይበልጥ፣ 30 ግራም ቱቦ ሦስት ወር ሊበቃ ይገባል። በወር ከጨረሳችሁት አብዝታችኋል፣ ዓመት ከቆየ ደግሞ አልተቀባችሁትም።

ቅባቱ ከክሬሙ ይሻላል፣ አያቃጥልም። ትንሽ መስታወት ይዛችሁ ነጩ የት እንዳለ አንዴ እዩት፣ ባለሙያው በጣቱ ያሳያችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ፀጉር ያለበት ላይ ይቀቡትና መሀሉ ይቀራል። እትዬ መስታወቱን መጀመሪያ እምቢ ብለውኝ ነበር፣ «በሽምግልናዬ ይሄን ልይ» ብለው፣ በሦስተኛው ቀን ግን በር ዘግተው ራሳቸው አዩ። አሁን የሚቀቡት ረቡዕና ቅዳሜ ማታ ነው፣ ሁለት ቀን መርጦ መያዝ አያስረሳም። ማሳከኩ በሁለት ሳምንት ነው የተሻላቸው። የተጣበቀው ግን አልተመለሰም።

ለፕላነስም ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፣ ግን አስቸጋሪ ነው፣ ውስጥ የሚገባ መድኃኒትና የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። ለብልት ሶሪያሲስ ግን ክሎቤታሶል ቀድሞ አይታሰብም፣ ቀለል ያለ እንደ ሃይድሮኮርቲዞን ያለ ወይ መካከለኛ ለአጭር ጊዜ፣ ከተገኘ ታክሮሊመስ (ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት)፣ የሬንጅ ቅባት ደግሞ እዛ ቦታ ያቃጥላል። ለሲምፕሌክስ ስቴሮይዱ ብቻውን አይበቃም፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያመጣ የማሳከክ ኪኒንና ጥፍር መቁረጥ አብሮ ይሄዳል፣ ሰው ተኝቶ ነው የሚያከው።

ፋርማሲ የሰጡኝ ቅባት መጀመሪያ አሻለኝ፣ ስተወው ባሰብኝ፣ ለምን?

ያ ቅባት ምናልባት ሦስት በአንድ ነው፣ ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ የተደባለቀበት። ስቴሮይዱ ማንኛውንም ማሳከክ ለጊዜው ያበርዳል፣ ስለዚህ በሽታው ምንም ይሁን ምን «ሠራ» ይባላል። ጭርት ከነበረ ከሥሩ ይስፋፋል፣ መልኩን ይቀይርና ቆዳ ሐኪም እንኳ እስኪቸገር ይሆናል። በየወሩ እየገዙ ብሽሽትና ጭን ላይ መቀባት ቆዳውን ያሳሳል፣ እንደ እርግዝና ሸንተረር ያለ መስመር ያወጣል፣ ያ መስመር ደግሞ አይጠፋም። ይሄን ስቴሮይድ ፊት ለማቅላት የምትጠቀሙም አላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? በምን ልታጠብ?

ለብ ባለ ውሃ፣ በቀን አንዴ፣ በእጅ፣ በቃ። የልብስ ሳሙና፣ ኦሞ፣ ዴቶል፣ ሽቶ ያለው ሶፍት እዛ አካባቢ አይድረስ። ሎሚ፣ ፌጦ፣ በረኪና፣ ነጭ ሽንኩርት አይቀባ፣ ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ወቅጣ ቀብታ የመጣች ልጅ አይቻለሁ፣ ቆዳዋ በእሳት እንደተቃጠለ ውሃ ቋጥሮ ነበር፣ ማሳከኩ ደግሞ እዛው አለ። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ጠዋትና ማታ፣ ሽንት ከመሽናት በፊትም ስስ አድርጎ መቀባት በጣም ይረዳል፣ በተለይ ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች ላይ፣ ሽንቱ ራሱ ነው የሚያባብሰው። ፓንት የጥጥ ይሁን፣ ሲታጠብ ኦሞው እስኪለቅ ይለቅለቅ፣ ማታ ያለ ፓንት ተኙ። ወይባ ጭስ የምትሞቁ ቁስሉ እስኪደርቅ ተዉት።

ደብረ ብርሃን ስሆን ይሻለኛል፣ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ይነሳብኛል፣ አየሩ ነው?

በከፊል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ከዛ 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ሲወረድ ላቡ ሰበቃው ይጨምራል፣ ሁሉም በሽታ በላብ ይቆጣል፣ ጭርትም ቆላ ይወዳል። ደጋም የራሱ ችግር አለው፣ በውርጩ ቆዳው ይደርቃል፣ ሱፍ ነክ ልብስና ድርብርብ ታይት ያሳክካል፣ በጣም የፈላ ውሃ መታጠብም እንደዛው። ቦታ መቀየር ግን መድኃኒት አይሆንም።

ጠበል ብጠመቅ መድኃኒቱን ልተወው?

አትተዉት። ሸንኮራ ዮሐንስም ሄዳችሁ ተጠመቁ፣ ሌላም ጠበል፣ እኔ ራሴ እጠመቃለሁ። ብዙ አባቶችም መድኃኒቱን ጎን ለጎን ውሰዱ ነው የሚሉት። ከጠበል ስትወጡ በንጹሕ ጨርቅ ሳትፈትጉ አድርቁና ቅባቱን ተቀቡ፣ ቱቦው በኪስ የሚያዝ ነው።

ግንኙነት፣ እርግዝና፣ ወሊድስ?

ቁስሉ በተነሳበት ሰሞን ግንኙነት ያማል፣ ይሰነጥቃል፣ «ቻይው» የሚባል ነገር የለም፣ እስኪሻል መቆየት ነው። ቫዝሊንም ቅባቱም ኮንዶም ያላላል፣ በኮንዶም የምትጠቀሙ ይሄን ልብ በሉ። ስክሌሮሰስ መውለድ አይከለክልም፣ አብዛኛዎቹ በምጥ ይወልዳሉ፣ አዋላጇ ግን ቀድማ ማወቅ አለባት። ሶሪያሲስ ያለባችሁና ሜቶትሬክሴት ኪኒን የምትወስዱ ከማርገዛችሁ በፊት ለሐኪማችሁ መናገር ግዴታ ነው፣ ፅንስ ይጎዳል።

የት ልሂድ? ደግሞስ ምን ብዬ ነው የምናገረው?

ከቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ካልሆነ ደብረ ብርሃን ሪፈራል አጽፉ፣ የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አለ፣ ወደ ደሴ ለሚቀርባችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። ስትገቡ «ትንሽ ያሳክከኛል» ብላችሁ አታቅልሉት፣ እንዲህ በሉ፦ «ችግሩ ብልቴ ላይ ነው፣ ይሄን ያህል ጊዜ ሆኖኛል፣ ተኝቼ ይታይልኝ፣ ሴት ባለሙያ ካለች እሷ ብታየኝ ደስ ይለኛል።» ገልጦ ሳያይ መድኃኒት ሊጽፍ ከጀመረ «ሳያዩኝ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ይሄ ድፍረት አይደለም። ከመሄዳችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ጀምሮ ምንም አትቀቡ፣ መልኩን ይሸፍነዋል። የተጠቀማችሁትን ባዶ ቱቦና የኪኒን ካርቶን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። እትዬ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ፌስታላቸውን ሲዘረግፉ አሥራ አንድ ቱቦ ወጣ፣ ዘጠኙ አንድ ዓይነት መድኃኒት ነበር፣ ሐኪሙ ቱቦዎቹን አየና ወንበሩን ገፍቶ ተነስቶ «እስቲ እናቴ፣ እዛ አልጋ ላይ ይውጡልኝ» አላቸው።